ከበሶ እስከ ጥቁር አዝሙድ፦ የላስታ ማዕድና የሽምግልና ጤና



አባቶቻችንና እናቶቻችን ሲመርቁን «ዕድሜና ጤና ይስጣችሁ» ይላሉ። ሁለቱን ነጣጥለው አይመርቁም። ዕድሜ ያለ ጤና ለባለቤቱም ለቤተሰቡም ከባድ እንደሆነ ያውቃሉና። ነቢያችንም (ሰ.ዐ.ወ.) ሰው ያወቀውን ሁሉ ወደሚረሳበት ወደ ደካማው የዕድሜ ዘመን ከመመለስ በአላህ ይጠበቁ እንደነበር በሐዲስ ተዘግቧል። ስለዚህ በጤና መሸምገልን መመኘትም ሆነ ለእርሱ ሰበብ ማድረስ የተወደደ ነገር ነው።

ታዲያ ሰበቡ ምንድን ነው? በዘመናችን ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሸጡ ሰዎች በዝተዋል። አንዱ በብልቃጥ ዘይት ይዞ «ስኳርን ያጠፋል፣ ደም ግፊትን ይነቅላል» ይላል። ሌላው ዱቄት አሽጎ «እርጅናን ይመልሳል» ይላል። በሌላው ወገን ደግሞ የአያቶቻችንን ማዕድ የድህነት ምግብ ነው ብለው ንቀው የተዉት አሉ። የመጀመሪያዎቹ ከአንድ ፍሬ ተአምር ይጠብቃሉ፤ ሁለተኛዎቹ በእጃቸው ያለውን ሀብት አያውቁም። ሁለቱንም የሚያርም አንድ ነገር ቢኖር ታሪክ ነው።

በዚህ ጽሑፍ የላስታን ደጋና አጎራባቾቹን ምሳሌ አድርገን እንመለከታለን። ላስታን የመረጥነው ሕዝቡ ከሌላው ይልቅ ረጅም ዕድሜ ይኖራል ለማለት አይደለም። እንዲያውም የሰሜን ወሎ ስም ከረሃብ ጋር ተያይዞ በዓለም የተሰማ ነው። ነገር ግን ምግብ ለሰው ልጅ ምን እንደሚጠቅም፣ ሲታጣ ምን እንደሚያደርግና ያለ ቦታው ሲገባ ምን ጉዳት እንደሚያመጣ ሦስቱንም ባንድነት የሚያሳይ እንዲህ ያለ አገር ማግኘት አስቸጋሪ ነው።

አገሩና እህሉ

የላሊበላ ከተማ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች። ከበላይዋ የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ከ4,200 ሜትር በላይ ይነሣል። የተከዜ ወንዝም የሚመነጨው ከእነዚሁ የላስታ ተራሮች ነው። ስለዚህ አንድ ሰው በአንድ ቀን መንገድ ከቆላው የማሽላ ማሳ ተነሥቶ በጤፍ፣ በምስርና በስንዴ መካከል አልፎ፣ ባቄላና አተሩን ተሻግሮ፣ ከብርዱ የተነሣ ከገብስ በቀር ሌላ እህል ወደማይደፍረው ውርጭ ሊወጣ ይችላል።

ዓለም ላስታን የሚያውቀው በ12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ13ኛው መጀመሪያ በነገሠው በንጉሥ ላሊበላ ስም በሚጠሩት፣ ከአንድ አለት በተፈለፈሉት አብያተ ክርስቲያናት ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል። ነገር ግን ከድንጋዩ ሌላ በዚህ ደጋ የሚጠበቅ ቅርስ አለ፤ እርሱም በገበሬው ጎተራ ያለው ዘር ነው።

ይህን ከተገነዘቡት አንዱ ሩሲያዊው የዕፅዋት ሊቅ ኒኮላይ ቫቪሎቭ ነበር። በ1919 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1927) ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ በበቅሎ እየተጓዘ የእህል ዘር ሲሰበስብ፣ በገብሱና በስንዴው ዓይነት ብዛት ተደንቆ አገራችንን በዓለም ላይ ካሉት ጥቂት የሰብል ብዝኃነት ማዕከሎች አንዷ አድርጎ መዘገባት። የኢትዮጵያ ገብስ ዋጋው ምን ያህል እንደሆነ የሚያስረዳ ሌላም ነገር አለ። በአሜሪካ የካሊፎርኒያን ገብስ ቢጫ የሚያደርግና የሚያቀጭጭ የቫይረስ በሽታ በተነሣ ጊዜ፣ በሽታውን የሚቋቋመው ዘረመል የተገኘው ከኢትዮጵያ ገብስ ነው። የእኛ ደገኛ ገበሬ ከአባቱ ተረክቦ ያቆየው ዘር የሩቅ አገር ገበሬን ከኪሳራ አዳነ ማለት ነው። በቤታችን ግን ገብስ ከነጭ ዱቄት ዳቦ በታች ሆኖ ይታያል።

በሶና ሰዊቅ

የደጋ ሰው ገብስን የማያደርገው ነገር የለም። ቆሎው፣ ቅንጬው፣ ገንፎው፣ አጥሚቱ፣ እንጀራው፣ ዳቦው ሁሉ ከእርሱ ይወጣል። ጠላ የማንጠጣው እኛ ሙስሊሞችም ከታመሰ ገብስ ቀሪቦ እናዘጋጃለን። ከሁሉ ይልቅ ግን የመንገደኛው ስንቅ በሶ ነው። ገብሱ ይታመሳል፣ ይፈጫል፣ በአቁማዳ ይያዛል፤ ከዚያም ውሃ ባለበት ቦታ ሁሉ ያለ እሳት ተበጥብጦ ወይም ተጨብጦ ይበላል።

ውድ አንባቢያን፣ ይህ በሶ በሲራ ታሪክ ውስጥ እንዳለ ልብ ብላችሁ ታውቃላችሁ? ዐረቦች ሰዊቅ የሚሉት ከታመሰ ገብስ ወይም ስንዴ የሚዘጋጅ ዱቄት የእኛው በሶ ወንድም ነው። ከበድር በኋላ፣ በሁለተኛው ዓመተ ሂጅራ፣ አቡ ሱፍያን 200 ፈረሰኞች ይዞ በመዲና ዳርቻ ጥቃት አድርሶ ሲሸሽ፣ ሸክም ለማቅለል የሰዊቅ ከረጢቶችን በየመንገዱ ይጥል ነበር። ሙስሊሞቹም እያነሡ ወሰዱት፤ ዘመቻውም «የሰዊቅ ዘመቻ» ተብሎ ቀረ። በኸይበር ዘመቻ ጉዞም ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሰህባእ በተባለ ቦታ ምግብ ጠይቀው ከሰዊቅ ሌላ ሳይገኝ ቀርቶ እርሱኑ ከባልደረቦቻቸው ጋር ተመግበዋል። እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ.) ደግሞ ለታመመና ለሐዘንተኛ ተልቢና የሚባል ቀጭን አጥሚት እንዲሰጥ ታዝ ነበር። በእኛ አገር ለአራስና ለበሽተኛ አጥሚት መውሰድ ከዚህ የራቀ ልማድ አይደለም።

የዛሬዎቹ ተመራማሪዎች በገብስ ውስጥ ምን አገኙ? ቤታ ግሉካን የሚባል አሰር አገኙ። ይህ አሰር በውሃ ሲሟሟ ይዝለገለጋል። ገንፎ ወይም አጥሚት ሲበርድ የሚያጣብቀው አንዱ ነገር እርሱ ነው። በአንጀት ውስጥም እንዲሁ ተዝለግልጎ የስኳርን ወደ ደም መግባት ያዘገያል፤ ከሐሞት ጋር ተያይዞ ስለሚወጣም ጉበት አዲስ ሐሞት ለመሥራት ከደም ውስጥ ኮሌስትሮል እንዲወስድ ያስገድደዋል። በዚህም የተነሣ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ1997 ስለ አጃ፣ በ2006 ደግሞ ስለ ገብስ፣ በቀን 3 ግራም ያህል ቤታ ግሉካን ከሌላ ጤናማ አመጋገብ ጋር ሲወሰድ የልብ ሕመምን ስጋት ሊቀንስ ይችላል ተብሎ በምርት ማሸጊያ ላይ እንዲጻፍ ፈቅዷል። «ሊቀንስ ይችላል» የሚለውን አነጋገር አስተውሉ። «ያድናል» አላሉም።

ጥራጥሬ፣ ተልባና የጋራው ማዕድ

በወሎ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ በአንድ ቀዬ ተጎራብቶ፣ በሐዘንም በደስታም ተጠራርቶ የሚኖር ሕዝብ ነው። በሥጋ እርድ የየራሳችን ሥርዓት አለን። በሽሮው፣ በምስሩ፣ በአተር ክኩ፣ በተልባውና በሱፉ ግን ማዕዳችን አንድ ነው። የክርስቲያን ጎረቤቶቻችን የጾም ወራት ረጅም በመሆኑ እናቶች ያለ ሥጋና ያለ ቅቤ የሚጣፍጥ ምግብ ማዘጋጀትን ለብዙ ዘመናት ተክነውበታል። ያ ጥበብ አጥር አልከለከለውም፤ ወደ ሁሉም ጓዳ ገብቷል።

ይህ ማዕድ ለሽማግሌ ምን ይጠቅማል? ሰው ዕድሜው ሲገፋ ጡንቻው ይቀንሳል፣ አንጀቱ ይደርቃል፣ የደም ሥሮቹ ይጠነክራሉ። ጥራጥሬ ፕሮቲን አለው፣ አሰር አለው፣ ስኳሩም ቀስ ብሎ ነው ወደ ደም የሚገባው። እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመ አንድ ጥናት በጃፓን፣ በስዊድን፣ በግሪክና በአውስትራሊያ የሚኖሩ ዕድሜያቸው 70 እና ከዚያ በላይ የሆነ 785 ሰዎችን እስከ ሰባት ዓመት ተከታትሎ ነበር። ከሌሎች ምግቦች ሁሉ ይልቅ ከረጅም ዕድሜ ጋር ተያይዞ የተገኘው ጥራጥሬ ነው። በቀን በ20 ግራም ጥራጥሬ ጭማሪ ልክ በዚያ ጊዜ ውስጥ የመሞት ስጋት ከ7 እስከ 8 በመቶ ቀንሶ ታይቷል። 20 ግራም ማለት አንድ እፍኝ እንኳ የማይሞላ ምስር ነው። እርግጥ ጥናቱ መያያዝን እንጂ ሙሉ ምክንያትን አያረጋግጥም። ቢሆንም ያየው ምግብ በየቤታችን ያለ ምግብ ነው።

ተልባን እንውሰድ። ሌሎች አገሮች ተክሉን ለጨርቅ ሲሉ ዘርተውታል፤ እኛ ግን የዘራነው ለፍሬው ነው። ከፍሬው 40 በመቶ ገደማው ዘይት ሲሆን፣ ከዘይቱ ከግማሽ በላይ የሆነው ለልብና ለደም ሥር የሚስማማው የኦሜጋ 3 ዓይነት ነው። ሊግናን የሚባሉ ንጥረ ነገሮችም በብዛት ይገኙበታል። ነገር ግን ተልባ እንዳለ ቢዋጥ ቅርፊቱ ስለሚጠብቀው ብዙው ሳይፈጭ ይወጣል። እናቶቻችን ደግሞ ተልባን መቼ እንዳለ ሰጥተውን ያውቃሉ? አምሰው፣ ወቅጠው፣ በውሃ በጥብጠው ነው የሚሰጡን።

እንጀራውም እንደዚሁ ነው። ጤፍ በብረት ማዕድን ይመሰገናል። ይሁን እንጂ በእህል ውስጥ ፋይቴት የሚባል ነገር አለ፤ ብረቱን አስሮ ሰውነት እንዳያገኘው ያደርጋል። ሊጡ በእርሾ ሁለትና ሦስት ቀን ሲቦካ ፋይቴቱ ይቀንሳል፤ ብረቱም ይፈታል። ከባቄላ ዱቄትና ከሱፍ የሚዘጋጀው ስልጆም የዚሁ የማቡካት ጥበብ ልጅ ነው። ስለዚህ ጥቅሙ በፍሬው ብቻ አይደለም፤ በምጣዱ፣ በሙቀጫውና በእርሾው ጭምር ነው።

ማርና ጥቁር አዝሙድ

በላስታ ስለ ማር ሲነሣ የንጉሡ ስም አብሮ ይነሣል። በአፈ ታሪክ እንደሚነገረው ሕፃኑ በተወለደ ጊዜ ንቦች ከበቡት፤ እናቱም ንቦቹ ንግሥናውን አወቁለት ስትል ላሊበላ ብላ ጠራችው። ክረምቱ አልፎ ተራራው በአበባ ከተሸፈነ በኋላ በጥቅምትና በኅዳር የሚቆረጠው የአካባቢው ማር ዛሬም ስመ ጥር ነው።

ለእኛ ደግሞ በቅዱስ ቁርኣን በንብ ስም የተሰየመ ሱራ አለ። አላህ (ሱ.ወ.) ከንቧ ሆድ ስለሚወጣው መልኩ ልዩ ልዩ ስለሆነው መጠጥና በውስጡ ለሰዎች ስላለው ፈውስ በሱረቱ ነሕል 69ኛው አያ ይነግረናል። ብዙዎቻችን እዚያ ላይ እናቆማለን። ቀጥሎ ያለው 70ኛው አያ ስለ ምን እንደሆነ አስተውላችኋል? ስለ እርጅና ነው። ከሰዎች መካከል ካወቁ በኋላ ምንም ወደማያውቁበት ደካማ ዕድሜ የሚመለሱ እንዳሉ ያስታውሰናል። ፈውስና እርጅና ጎን ለጎን ተቀመጡ። ከዚህ እኔ የምረዳው ማር የሚበላ ሰው አያረጅም የሚል ትምህርት የለም፤ ፈውሱም የአላህ ነው፣ ዕድሜውም የአላህ ነው።

በሳይንሱ በኩል ማር ቁስልን ለማከምና ሳልን ለማለዘብ መጥቀሙ ታይቷል። ከማር ውስጥ ግን 80 በመቶ ያህሉ ስኳር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ሰው በምግቡ ላይ ከሚጨምረው ስኳር ጋር ማርንም ደምሮ ይቆጥረዋል፤ ሁሉም በአንድ ላይ ከዕለት የምግብ ኃይል ከ10 በመቶ እንዲያንስ ይመክራል። የስኳር ሕመምተኛ «ማር ፈውስ ነው» በሚል እንደ ልቡ ቢበላ ደሙ ውስጥ ያለው ስኳር ከፍ ይላል። ዕድሜው አንድ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ደግሞ ማር ጨርሶ አይሰጥም፤ ብርቱ የሆነ የመመረዝ ሕመም ሊያመጣበት ይችላልና።

ጥቁር አዝሙድን በተመለከተ ከሞት በቀር ለሁሉም በሽታ ፈውስ እንዳለበት የሚያመለክተው ሐዲስ በቡኻሪና በሙስሊም የተዘገበ ነው። ይህን ሐዲስ ሻጮች ሁሉ በቃላቸው ይዘውታል። ዑለማዎች የተናገሩትን ግን አብረው አይነግሩንም። ኢማም አልኸጣቢ አነጋገሩ ጠቅላላ ቢሆንም የታሰበበት የተወሰነ ነው፤ አንድ ተክል የሁሉንም በሽታ ተቃራኒ ጠባይ ሊሰበስብ አይችልምና ብለው አብራርተዋል። ሌሎች ዑለማዎችም እንደ በሽታው ዓይነት ለብቻው ወይም ከሌላ ጋር ተቀላቅሎ እንደሚሰጥ ተናግረዋል። ኢብኑ ሲናም አልቃኑን በተባለው የሕክምና መጽሐፋቸው ስለዚሁ ፍሬ ጽፈዋል። እነዚህ ሰዎች ሐዲሱን ያከበሩ ሰዎች ናቸው፤ አክብሮታቸው ግን ከመመርመር አላገዳቸውም።

እ.ኤ.አ. በ1963 ደግሞ ከጥቁር አዝሙድ ዘይት ውስጥ ታይሞኩዊኖን የተባለው ንጥረ ነገር ተለይቶ ወጣ። ከዚያ ወዲህ በቤተ ሙከራ ብዙ ምርምር ተደርጎበታል። በሰዎች ላይ የተደረጉት ጥናቶች አነስተኛ ሲሆኑ የደም ግፊትን፣ የስኳርንና የኮሌስትሮልን መጠን በጥቂቱ ዝቅ እንደሚያደርግ ይጠቁማሉ። አብሽና ነጭ ሽንኩርትም ከዚህ የሚመሳሰል ነገር ታይቶባቸዋል። በጥቂቱ ማለት መድኃኒትን የሚተካ ማለት አይደለም። እንዲያውም ከስኳር ወይም ከደም ግፊት ኪኒን ጋር በብዛት ሲወሰዱ ሁለቱ ተደራርበው መጠኑን ከሚገባው በታች ሊያወርዱት ስለሚችሉ ለሐኪም መንገር ያስፈልጋል። በዳቦው ላይ የሚነሰነሰውና በበርበሬው ውስጥ የሚገባው ጥቁር አዝሙድ ግን ማንንም አያሰጋም።

የጓያ ትምህርት

«ተፈጥሯዊ ስለሆነ አይጎዳም» የሚል አነጋገር ዛሬ በሁሉም አፍ ላይ አለ። ይህን ለሚሉ ሰዎች ከላስታ በስተደቡብ፣ ከዋድላ ማዶ ያለው የደላንታ ታሪክ በቂ መልስ ነው።

ጓያ ድርቅን፣ ውርጭንና የውሃ መተኛትን የሚችል ጥራጥሬ ነው። ሌላው ሰብል ሲጠፋ እርሱ ይተርፋል። በውስጡ ግን ኦዳፕ የሚባል የነርቭ መርዝ አለበት። ጓያን ጥቂት ጊዜ ከሌላ ምግብ ጋር የበላ ሰው ምንም አይሆንም። ለወራት ዋና ምግቡ ያደረገው ግን ከወገቡ በታች ጡንቻዎቹ ይገተራሉ፤ በምርኩዝ መሄድ ወይም መዳህ ይጀምራል፤ የሚመልሰውም መድኃኒት የለም። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ በደላንታ ዳውንት ሌላው ሰብል ጠፍቶ ጓያው ብቻ በመትረፉ 2,000 ያህል ሰዎች፣ አብዛኞቹ ወጣቶች፣ በዚህ ሕመም አካለ ስንኩል ሆነዋል። ይህ እ.ኤ.አ. በ1999 በታወቀ የሕክምና መጽሔት ታትሞ ለዓለም ተነግሯል።

ከዚያ በኋላ የተደረገው ምርመራ ያገኘው ነገር ለእኛ ትልቅ ትምህርት አለው። ጓያን በእሸቱ ጥሬውን፣ ቆልተውና ቀቅለው የበሉት ይበልጥ ሲጎዱ፣ አቡክተው በእንጀራ ወይም በወጥ መልክ የበሉት በዚያ መጠን አልተጎዱም። ከጤፍና ከገብስ የመሰለ እህል ጋር የቀላቀሉት፣ በወጡም ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል የጨመሩት የተሻለ ተጠብቀው ተገኝተዋል። ዘፍዝፎ ውሃውን መድፋትም ከመርዙ ይቀንሳል። ይህ ማለት ጓያ አይጎዳም ማለት አይደለም። ነገር ግን አንድ ፍሬ ብቻውን ሲሆን ያሽመደመደው ሰው፣ ማዕዱ የተሟላለት ጎረቤቱ ግን የዳነበት ሁኔታ ነበር። ድህነቱ ደግሞ ያንኑ የማዕድ ሙላት ነበር የነጠቃቸው።

ረሃቡ የተወው ጠባሳ

ስለ ጤናማ ሽምግልና ስንናገር አስቀድሞ መነሣት ያለበት ጥያቄ ሰው ወደ ሽምግልና ይደርሳል ወይ የሚለው ነው። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. በነበረው ክፉ ቀን በምጽዋ በኩል የገባው የከብት በሽታ በሬውን ፈጅቶ እርሻው ቆመ፤ ከዚያም ረሃብና ወረርሽኝ ተከተለ። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ወሎ ዳግም ተራበ፤ መንግሥት የሸሸገው ረሃብም በእንግሊዛዊው ጋዜጠኛ በጆናታን ዲምብልቢ ፊልም በጥቅምት 1966 ዓ.ም. ለዓለም ታየ። በጥቅምት 1977 ዓ.ም. ደግሞ ኬንያዊው የፎቶ ጋዜጠኛ ሙሐመድ አሚን በኮረም የቀረጸው ምስል ዓለምን አስለቀሰ። በዚያ ዘመን ከወሎ ደጋ ብዙ ሺህ ቤተሰብ ወደ መተከል፣ ወደ ወለጋ፣ ወደ ኢሉባቦርና ወደ ጋምቤላ በሠፈራ ተወሰደ።

ረሃቡ ግን በዚያ ዓመት አላበቃም። ከላስታ በስተምሥራቅ ባለው በራያ ቆቦ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ ጥናት፣ በ1977ቱ ረሃብ ጊዜ በእናታቸው ማኅፀን የነበሩ ሰዎች አድገው በጎልማሳነታቸው በማስታወስና በማሰብ ፈተና ከሌሎቹ ዝቅ ብለው እንደተገኙ አሳይቷል። በሆላንድም እ.ኤ.አ. ከ1944 እስከ 1945 በነበረው የረሃብ ክረምት የተፀነሱ ልጆች ካደጉ በኋላ ደማቸው ስኳርን የመቆጣጠር አቅሙ ቀንሶ ተገኝቷል። እንግዲህ የሽምግልና ጤና የሚጀምረው በ60 ዓመት አይደለም። በእናት ማኅፀን ይጀምራል። ለነፍሰ ጡር ሴት የተሰጠች አንዲት ሳህን ምስር ከ60 ዓመት በኋላ ለሚኖር ሽማግሌ የተላከች ስጦታ ናት።

ረሃብ ሌላም ነገር ይወስዳል፤ የዘር እህሉን ያስበላል። ገበሬው ለዘር ያስቀመጠውን ሲበላ ለዘመናት የተመረጠው የገብስ፣ የጤፍና የባቄላ ዓይነት አብሮ ይጠፋል። እ.ኤ.አ. በ1976 በአዲስ አበባ የተቋቋመው የዕፅዋት ዘር ማዕከል፣ የዛሬው የብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት፣ ይህን ዘር ሰብስቦ አቆይቷል። በዶክተር መላኩ ወረደ መሪነትም ከረሃቡ በኋላ የአካባቢውን ዘር በሸዋና በወሎ ለገበሬዎች የመመለስ ሥራ ተሠርቷል። እርሳቸውም ለዚህ ድካማቸው እ.ኤ.አ. በ1989 ዓለም አቀፍ ሽልማት ተሰጥቷቸዋል። የበሶው ታሪክ ሳይቋረጥ የደረሰን እንዲህ በስንት ድካም ነው።

ዛሬ በቤታችን

በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. የኢትዮጵያዊ አማካይ ዕድሜ ከ50 ዓመት በታች ነበር፤ ዛሬ ከ65 ዓመት በላይ ሆኗል። አልሐምዱሊላህ፣ ብዙዎቻችን አያቶቻችን ያላገኙትን ሽምግልና እናገኛለን ማለት ነው። ነገር ግን ጊዜው ሲረዝም ማዕዱ ተለወጠ። ሱቁ በነጭ ዱቄት፣ በስኳር፣ በለስላሳ መጠጥና በሚረጋ ዘይት ተሞላ። ቀሪቦው እንኳ ከገብሱ ይልቅ ስኳሩ የሚያይልበት ጊዜ አለ። ጨውን አስቡት። አንድ ዘመን ነጋዴዎች ከአፋር ምድር በግመልና በበቅሎ አውጥተው ከላስታ ጎን ባለችው በሰቆጣ ገበያ የሚሸጡት አሞሌ እንደ ገንዘብ የሚቆጠር ውድ ነገር ነበር፤ በቁንጥር ይበላ ነበር። ዛሬ ረከሰ፤ እጃችንም ፈታ። የዓለም ጤና ድርጅት በቀን ከ5 ግራም፣ ማለትም ከአንድ የሻይ ማንኪያ፣ እንዳይበልጥ ይመክራል። እ.ኤ.አ. በ2015 በአገራችን በተደረገው ጥናት ግን አማካዩ 8 ግራም ገደማ ሆኖ ተገኝቷል። ከ100 ጎልማሶችም 16 ያህሉ ከፍ ያለ የደም ግፊት ነበረባቸው።

መፍትሔውን ከብልቃጥ የሚፈልጉ ሰዎች የፊንላንድን ነገር ይስሙ። ካሮትና አረንጓዴ ቅጠል የሚበሉ ሰዎች በካንሰር ብዙ እንደማይያዙ ስለታየ፣ ሐኪሞች በእነዚህ ምግቦች ውስጥ ያለውን ቤታ ካሮቲን በኪኒን አድርገው ከ29,000 በላይ በሆኑ አጫሾች ላይ ሞከሩት። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ1994 ሲታወቅ ኪኒኑን የወሰዱት በሳንባ ካንሰር 18 በመቶ ያህል በልጠው ተይዘው ተገኙ። በምግብ ውስጥ ከሌሎች ጋር ሆኖ የጠቀመው፣ ተነጥሎና በዝቶ ሲሰጥ ጎዳ። የፊንላንዱ ኪኒንና የደላንታው ጓያ በመልክ አይገናኙም፤ ምክራቸው ግን አንድ ነው።

እንግዲህ ምን እናድርግ? ውድ ነገር መግዛት አያስፈልገንም። ገብሱን ወደ ማዕድ እንመልስ፤ ለልጆች ቁርስ በሶና ቅንጬ እንስጥ። ሽሮው፣ ምስሩና ክኩ በየቀኑ ይኑር፤ ጎመኑና ሽንኩርቱ አይለየው። ጨውን፣ ስኳርንና የሚረጋ ዘይትን እንቀንስ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሆድን ለምግብ፣ ለውሃና ለትንፋሽ በሦስት ከፍለን ከልክ በላይ እንዳንሞላ መክረውናል፤ ይህን በኢፍጣር ሰዓት ጭምር እናስታውስ።

በቤታችን ያሉ አረጋውያንን ደግሞ ልብ እንበላቸው። ጥርስ የሌላቸው አባት «በቃኝ» ሲሉ ጠግበው ላይሆን ይችላል፤ ማኘክ አቅቷቸው ይሆናል። ገንፎው፣ የላላው ሽሮ፣ እንቁላሉና ወተቱ ለእርሳቸው ነው። በእርጅና ጥም ስለሚደክም ውሃ ሳይጠይቁ እናቅርብላቸው። ዳገት የለመደ እግር ሲቀመጥ ይሞታልና እስከቻሉ ድረስ ይራመዱ። የስኳርና የግፊት መድኃኒት የሚወስዱ ካሉ ማንም ሻጭ መድኃኒታቸውን እንዳያስጥላቸው እንጠብቃቸው፤ ረመዷን ከመግባቱም በፊት ከሐኪም ጋር ይማከሩ። መታከም ከተወኩል ጋር አይጣላም፤ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ራሳቸው ታከሙ ብለዋልና።

በላሊበላና በላስታ ገጠሮች በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ከደረሰው ጦርነትና ከዚያም በኋላ ከቀጠለው ግጭት የተነሣ ማዕዳቸው የሳሳ ብዙ ቤቶች አሉ። እነርሱን «ጥራጥሬ ብሉ፣ ማር ቅመሱ» ብሎ መምከር ብቻውን አይበቃም፤ ዘካና ሰደቃችን ወደ እህል ጎተራቸው መድረስ አለበት። ጎረቤቱ ተርቦ ሳለ ስለ ረጅም ዕድሜ የሚጨነቅ ሰው ነገሩን ከመጨረሻው ጀምሮታል።

በመጨረሻም አንድ አደራ አለኝ። ገብሱ እንዴት እንደሚታመስ፣ ሊጡ ስንት ቀን እንደሚቦካ፣ ጥራጥሬው እንዴት እንደሚዘፈዘፍ በብዙ ቤት የሚያውቁት አያቶች ብቻ ሆነዋል። ልጆቻችሁን፣ ሴቱንም ወንዱንም፣ አጠገባቸው አስቀምጡ፤ ይጠይቁ፣ ይዩ፣ ይጻፉ። ዘሩን ተቋም ሊያስቀምጥልን ይችላል። የጓዳውን ዕውቀት ግን ከቤተሰብ በቀር የሚያስቀምጥልን የለም።

አላህ ዕድሜን ከጤና፣ ጤናን ከዒባዳ ጋር አስተባብሮ ይስጠን። ወላሁ አዕለም።